«ሀብታሟ ልጃችን» ይሉኛል፤ በስሜ ግን ምንም የለኝም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምጽፍልዎ ከሻርጃ ነው። ዕድሜዬ 33 ነው፤ ያደግኩት ደቡብ ወሎ፣ ገጠር ነው። በ20 ዓመቴ በደላላ ቤይሩት ገባሁና ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠራሁ። በ2012 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ማዳሜ የስድስት ወር ደሞዜን ሳትከፍለኝ «ሂጂ» አለችኝ። አገሬ ባዶ እጄን መግባት አፍሬ፣ ከጓደኞቼ ተበድሬ ወደዚህ መጣሁ። አሁን የምሠራበት ቤት ደህና ነው፤ 1,500 ድርሃም ያገኛል እጄ። ከዚያ ላይ 1,200ውን እልካለሁ።

በላክሁት ገንዘብ አባቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ዓይኑ በርቷል። ታናሽ እህቴ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች። ከተማ ውስጥ ቤት ሠርቻለሁ፤ ካርታው ግን በወንድሜ ስም ነው። «አንቺ የለሽም፤ ስትመጪ ይዛወራል» ተባልኩና እሺ አልኩ።

ዓምና ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። ባዶ እጅ አይገባም ብዬ 5,000 ድርሃም ተበድሬ ስልክ፣ ሽቶ፣ ብርድ ልብስ ገዛሁ። አንገቴ ላይ ያደረግሁት ወርቅ አብራኝ ከምትኖር ልጅ የተዋስኩት ነበር። ቡና ሲፈላ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ሀብታሟ ልጄ መጣችልኝ» ትል ነበር። ዶሮ ይዛ የመጣችው ጎረቤታችን እንኳ ስትወጣ በር ላይ ይዛኝ ለልጇ ፓስፖርት ማውጫ ጠየቀችኝ። ያንን ብድር እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

አሁን ወንድሜ ጥር ላይ ሊያገባ ነው። ለሠርጉ 400,000 ብር ላኪ ተብያለሁ። ሙሽሮቹ የሚገቡትም እኔ በሠራሁት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ወገቤን ታምሜያለሁ፤ ደክሞኛል፤ አገሬ ገብቼ ትንሽ ነገር ይዤ መኖር እፈልጋለሁ። ይህን በኢሞ ለእናቴ ብነግራት «ጡቴን ጠብተሽ ከሆነ በሰው ፊት አታሳፍሪኝ፤ ሁለት ዓመት ብቻ ቻይ» አለችኝ። ባንክ ያለኝ 60,000 ብር ነው። እኔ ሀብታም ነኝ እንዴ? ለመሆኑ ሀብታም ማለት ምን ማለት ነው? አልችልም ብል ክፉ ልጅ እሆናለሁ?

እ. ነኝ፣ ከሻርጃ

መልስ

እህቴ፣ እንደምን አለሽልኝ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ሳይመለስ ሌላው ምክር ወደ ልብሽ አይገባም። ክፉ ልጅ አይደለሽም፤ አልችልም ብትዪም አትሆኚም። ክፉ ልጅ የእናቷን ፊት ላለማሳፈር ወርቅ ተውሳ፣ ዕዳ ተሸክማ አገሯ አትገባም። አንቺ ያደረግሽው ይህን ነው፤ ያደረግሽውም ከፍቅር ነው። የከበደሽ ግን ፍቅሩ አይመስለኝም። በ13 ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «ለአንቺስ ምን ቀረሽ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ሀብታም ማለት ምንድን ነው ላልሽው፣ «ዋናው ጤና ነው»፣ «ገንዘብ ምን ያደርጋል» ብዬ አላልፍሽም። እንዲህ ብሎ ማጽናናት የሚቀለው የወሩ ኪራይ ላላሳሰበው ሰው ነው። ገንዘብ የአባትሽን ዓይን አብርቷል። እህትሽ ዛሬ የሰው ልጅ የምታዋልደው አንቺ በቤይሩት ሰገነት ላይ ምንጣፍ ስላራገፍሽ ነው። ስለዚህ ገንዘብን አንናቀው። ደሞዝሽ የትም አልጠፋም፤ ሰው ሆኗል፣ ዓይን ሆኗል፣ ጣሪያ ሆኗል። እናትሽ «ሀብታሟ ልጄ» ስትል የምታየው ይህንን ስለሆነ፣ በእሷ በኩል ውሸት አልተናገረችም።

ግን አንቺ ባደግሽበት አገር ሀብታም የሚባለው ማን እንደነበር እስቲ መለስ ብለሽ አስቢ። ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ነበር። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፣ ተራ ጠብቆ ያርሳል። ጭራሽ በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ይካፈላል። ባለ ጥማዱ ዝናቡ በጣለ ማግሥት ተነስቶ የራሱን ማሳ ያርሳል። ልዩነቱ የበሬው ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ተራ የሚጠብቀው ሰው የዘር ወቅት ያልፍበታል፤ ባለ ጥማዱ ግን ቀኑን የሚወስነው ራሱ ነው። እኔም ሀብታም የምለው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው፤ የሰው ቀን የማይጠብቀውን። ሲደክመው ማረፍ፣ ሲታመም መተኛት፣ አይሆንም ሲል መተው የሚችለውን። ቢሊየነር መሆን የለበትም። አነስተኛ ሱቅ ኖሯት፣ ዕዳ ሳይኖርባት፣ ሦስት ወር ብትታመም ቤቷ የማይዘጋ ሴት በዚህ መለኪያ ሀብታም ናት።

በዚሁ መለኪያ አንቺን ልጠይቅሽ። ነገ ወገብሽ ቢጠናብሽና ሦስት ወር መሥራት ቢያቅትሽ ኪራይሽን የሚከፍለው ማነው? የአውሮፕላን ትኬትሽን የሚቆርጠው ማነው? አገር ቤት ብትገቢ የምታርፊበት ክፍል የትኛው ነው? እነዚህን የምጠይቅሽ ላስፈራራሽ አይደለም። መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የጻፍሽልኝም ስለምታውቂው ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚኖርበት ገቢ የሚመጣው ከአንቺ ነው፤ ማቆም የማትችዪው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።

የቤይሩቱን ዘመን ደግሞ አንቺ በአካል አይተሽዋል። በ2012 መጨረሻ ላይ አሠሪዎቻቸው መኪና ውስጥ አስገብተው ቤይሩት ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው የጣሏቸው እህቶቻችን ነበሩ። መንገድ ላይ አድረዋል። ከመካከላቸው ዓመታት ሠርተው ቤተሰብ ያሳደጉ፣ ወንድም ያስተማሩ አሉ። ያን ዕለት የጎደላቸው የትኬት ገንዘብ ነበር። አንቺም ከዚያ ቤት ስትወጪ የሄድሽው በጓደኞችሽ ብድር ነው። ይህ ታሪክ አንዴ ደርሶብሻል፤ ሁለተኛ እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

አሁን ቤተሰብሽ ዘንድ ስላለው ስሌት አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ይመስለኛልና። ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። ስለዚህ አንቺ የምትልኪው 1,200 ድርሃም ድሮ 18,600 ብር ገደማ ይሆን ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲገባ ያው 1,200 ድርሃም ከ32,000 ብር በላይ ሆነ። ያንቺ ደሞዝ አልጨመረም፤ ጉልበትሽም አልጨመረም። አገር ቤት ያለ ሰው የሚያየው ግን ብሩን ነው፤ «አደገች» ይላል። ጥያቄውም በዚያው ልክ ያድጋል። በሌላ በኩል ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ትራንስፖርቱም ስለተወደደ ብሩ እጃቸው ላይ እንደ ድሮው አይበረክትም። እነሱም አልዋሹሽም፣ አንቺም አልዋሸሽም፤ ሁለታችሁም የምታዩት ቁጥር ሌላ ነው። ይህን በስልክ ረጋ ብለሽ፣ በቁጥር አስረጃቸው። «ደሞዜ ያው 1,500 ነው፤ ከመጣሁ ጀምሮ አልጨመረም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እናትሽ ከአፍሽ ሰምተው ያውቃሉ? ብዙዎቻችሁ ደሞዛችሁን ለቤተሰብ በትክክል አትናገሩም፤ ይሉኝታ ይይዛችኋል። ሳይነገራቸው ደግሞ ሊያውቁት አይችሉም።

ይኸው የምንዛሪ ለውጥ ያስቀመጥሽውንም በልቶብሻል። ያ 60,000 ብር ድሮ ወደ 3,900 ድርሃም ያወጣ ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲሆን 2,200 ድርሃም ብቻ ሆነ። ስለዚህ ከእንግዲህ የምታስቀምጪውን ሁሉ በብር አታድርጊው። ከፊሉ እዚያው በስምሽ በድርሃም ይቀመጥ። የአገር ቤት ባንኮችም ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይከፍታሉ፤ ቅርንጫፍ ሄዶ መጠየቅ፣ ወይም በስልክ መስመራቸው ማጣራት ይቻላል። በማንም ስም አይሁን። በእናትሽም ስም አይሁን።

ወደ ቤቱ ልምጣ። እህቴ፣ ከሠርጉ በፊት መነጋገር ያለብሽ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ልመናዬ ጠንከር ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ነው ተብሎ የሚገመተው የባለቤትነት ማረጋገጫው በስሙ የወጣለት ሰው ነው። ገንዘቡ ከሻርጃ መምጣቱን ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም፣ «ስትመጪ ይዛወራል» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ብዙ አይረዳሽም። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ወንድምሽ ዛሬ የሚያስብልሽ፣ አንቺን የሚወድ ወንድም ይሆናል፤ እንደዚያ ብለን እንነሳ። ጥር ላይ ግን ጉዳዩ የሁለት ሰው ይሆናል። ያቺ የምትገባው ልጅ ቤቱ የባሏ ነው ብላ ነው የምትገባው፤ ማንም ሌላ ካልነገራት ምን ጥፋት አለባት? ልጅ ይወለዳል፣ ጓዳ ይጨመራል፣ አጥር ይታጠራል። የቤተሰብ ሕጋችን ደግሞ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ከአምስት ዓመት በኋላ «ቤቴን» ብለሽ ብትነሺ ያኔ ነው ክፉ የምትባዪው። ዛሬ ብትጠይቂ ግን ሰላማዊ ጥያቄ ነው።

ለወንድምሽ በምን ቃል ልንገረው ካልሽ፣ እኔ ብሆን ክስ በማይመስል ቃል እጀምር ነበር፦ «ወንድም ዓለም፣ እንኳን ደስ ያለህ። ከሠርግህ በፊት ያቺን የካርታ ነገር እንጨርሳት፤ ኋላ ሚስትህም እኔም እንዳንቀያየም።» መልሱን አስተውዪ። ወዲያው እሺ ካለ ግማሹ ሸክምሽ ወረደ። ቢቆጣ፣ ወይም «አታምኚኝም?» ቢልሽ፣ አትጣዪው፤ ግን ከሠርጉ ገንዘብ በፊት የቤቱ ጉዳይ እንዲቀድም በጨዋ ቃል ደግመሽ ንገሪው። ስሙ በአንድ ቀን መዛወር ባይችል እንኳ፣ ቤቱ በአንቺ ገንዘብ መሠራቱንና ሊያዛውርልሽ መስማማቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ብትፈርሙ ከባዶ ቃል ይሻላል። በምን መልክ እንደሚጻፍ አገር ቤት ያለ ጠበቃ ያሳያችኋል። ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ ለሠርጉ ድንኳን ከሚወጣው ያንሳል።

አንቺ እዚያ ሆነሽ የሚፈርምልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ዱባይ ያለው ቆንስላችን ውክልና ያረጋግጣል፤ ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦት ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። የዕረፍት ቀንሽና የቆንስላው የሥራ ቀን ካልገጠመ አስቀድመሽ ለማዳምሽ ንገሪ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንና በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጥሻል፤ ፓስፖርትሽም በአንቺ እጅ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ለማን ውክልና ልስጥ ካልሽ ደግሞ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ሰው ታየችኝ፤ እህትሽ። በውክልናው ላይ ምን ማድረግ እንደምትችል ለይተሽ አስጽፊ፤ መሸጥ መለወጥ የሚል ጠቅላላ ውክልና ለማንም አትስጪ፤ ለእሷም ቢሆን።

ስለዚህች እህትሽ ትንሽ ልቆይ። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ የወር ደሞዝ አላት፣ እዚያው አገር ቤት ናት። ስለ አንቺ ድካም ምን ታውቃለች? እናትሽ ዘንድ ያለውን ወጪ በከፊል እሷ ብትይዝ ምን ትላለች? ደሞዟ ብዙ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ከወሩ ዘይትና ስኳር ብትጀምር እንኳ ቤቱ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ብቻ አለመሆኑን ሁሉም ያያል። ያስተማርሻት ልጅ አቅም አግኝታ ከጎንሽ ስትቆም ማየት ከልፋትሽ የምታገኚው ትልቁ ትርፍ ነው፤ አትንፈጊያት። ብዙ ጊዜ ታላቅ እህት «ልጆቹ አይጨነቁ» እያለች ብቻዋን ትወድቃለች። ታናናሾቹ ግን ቢነገራቸው ይችላሉ።

ሠርጉን በተመለከተ 400,000 ብር አትላኪ። የለሽም። የሌለሽን ለመላክ መበደር አለብሽ፤ የፋሲካውን ዕዳ እንኳ አልጨረስሽም። ተበድረሽ ብትልኪ ያ ገንዘብ የሁለት ቀን ድግስ ሆኖ ያልቃል፤ አንቺ ሁለት ዓመት ትከፍዪዋለሽ፤ እናትሽ «ሁለት ዓመት ብቻ ቻይ» ያሉሽም ሳያውቁት ይህንኑ ነው። ወንድምሽን ባዶ አድርጊው አልልሽም። ዕዳ ሳትገቢ፣ ከወሩ ላይ ቀንሰሽ የምትችዪው ስንት ነው? ያንን ወስኚና አንድ ጊዜ ተናገሪ፤ «ይህን ያህል እችላለሁ፤ ከዚህ በላይ የለኝም» በዪ። ቁጥሩን ከተናገርሽ በኋላ አትጨምሪ። አንዴ ከጨመርሽ የመጀመሪያው ቃልሽ ውሸት ነበር ማለት ይሆናል፤ ለሚቀጥለውም ጥያቄ በር ይከፈታል።

እናትሽን እንዴት ላድርጋት ካልሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ከአባትሽ ጋር አውሪ። ገበሬ ናቸው። ዘር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የቱንም ያህል ክፉ ዘመን ቢመጣ ለዘር የተቀመጠው እህል አይነካም፤ እሱ ከተበላ በሰኔ ማሳው ባዶ ይቀራል። «አባቴ፣ እስከዛሬ ያገኘሁትን ሁሉ አብረን በላነው፤ ደስ ብሎኝ ነው። ከእንግዲህ ግን ትንሽ ለዘር ላስቀር፤ ጉልበቴ እያለቀ ነው» ብትያቸው የሚገባቸው ይመስለኛል። የእናትሽን ልብ ደግሞ ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እናትሽ ያሉት ቃል ከባድ ነው፤ ጡት የተነሳበት ቃል ለማንኛውም ልጅ ይከብዳል። እኔ ግን ክፋት አላየሁበትም፤ ያየሁት ፍርሃት ነው። ሰፈሩ ፊት የቆሙት በአንቺ ስም ነውና፣ ያ ስም ቢወርድ እሳቸውም የሚወርዱ መስሏቸዋል። የወገብሽን ሕመም ነግረሻቸዋል? «ደክሞኛል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነው» ማለት ሌላ ነው። እውነቱ እንደዚያ ከሆነ እንደዚያው ንገሪያቸው። ሐኪም ዘንድም ሂጂ፤ እሱን ለነገ አታሳድሪው፤ ዕድሜሽ ገና 33 ነው።

አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ወርቅ አድርገሽ ቡና ላይ የተቀመጥሽበትን ሰዓት ደጋግሜ አሰብኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አበው፤ አንቺ ላይ ግን ከማድመቅም አልፎ ዋጋ አስከፍሎሻል። ያንን ወርቅ ያዩ ሰዎች ናቸው ዛሬ 400,000 ብር «አላት» ብለው የሚገምቱት። በሚቀጥለው ስትገቢ ባለሽ ልክ ግቢ። ለአባትሽ ጋቢ፣ ለእናትሽ ጥሩ ነጠላ፣ ለልጆቹ ከረሜላ። መጀመሪያ ይንሾካሾካሉ፤ ሳምንት አይሞላውም ይለመዳል።

መግባቱስ መቼ ይሁን? ይህን እኔ አልወስንልሽም። ዕዳሽን ዘግተሽ፣ የስድስት ወር መኖሪያ በስምሽ ይዘሽ፣ የካርታው ነገር አልቆ ብትገቢ እመርጣለሁ። 1,500 እያገኘሽ 1,200 ከምትልኪ ለጊዜው 600 ብትልኪ፣ የምትቆጥቢው ወደዚያ ቀን ምን ያህል ያቀርብሻል? ቁጭ ብለሽ በወረቀት አስዪው፤ ቀኑንም ጻፊው። ወገብሽ ካልቻለ ግን ቁጠባው ሳይሞላም ግቢ። እንዲሁም ገብተሽ ምን ልትሠሪ እንዳሰብሽ አልነገርሽኝም፤ «ትንሽ ነገር» ብለሽ አለፍሽው። ሱቅ ነው? ምግብ ቤት ነው? ዶሮ እርባታ ነው? ከተማ ነው ገጠር? እሱ ሲታወቅ ስንት እንደሚበቃሽም ይታወቃል።

በዚህ ሳምንት ለእህትሽ ደውዪ፤ ለብቻዋ፣ እናትሽ አጠገብ ሳይሆኑ። ከዚያ ለአባትሽ። የወንድምሽ ሦስተኛ ይሁን። ከተነጋገራችሁ በኋላ ጻፊልኝ፤ በተለይ ወንድምሽ ስለ ካርታው ምን እንዳለሽና የምትጀምሪው ሥራ ምን እንደሆነ ንገሪኝ፤ ቀጣዩን አብረን እናስበዋለን።